አማልክቱን ጅን ያልኩበት ክረምት

መጽሐፉ አሁንም ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ዘንድሮ ለዒድ መካነ ሰላም ሄጄ ደራቢ ብርድ ልብስ ስፈልግ ከእናቴ ሳጥን ሥር አገኘሁት። ገና ሳልገልጠው ሽታው ቀደመኝ። የከረመ ቅቤ ነው፣ ፌጦ አለበት፣ እርጥበት የገባው ወረቀት ሽታም አለበት። አፍንጫዬን ገጾቹ መሀል ወሽቄ እንደ ሞኝ ቆሜ ቀረሁ። እናቴ ከጓዳ «አንቺ ሐዋ፣ ምን አገኘሽ? ድምፅሽ ጠፋ!» ስትል እንኳ አፍንጫዬን አላወጣሁም።

ሽፋኑ ላይ አንዲት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታን ባሕር ዳር ቆማለች። ከማዕበሉ ውስጥ ጢማም ሽማግሌ ብቅ ብሏል፣ በእጁ ሦስት ጣት ያለው መንሽ የመሰለ ነገር ይዟል። ከመሀል ያሉት አሥር አሥራ አምስት ገጾች በቅቤ ተጣብቀው እንደ አንድ ገጽ ሆነዋል። ይህ መጽሐፍ የትምህርት ቤት ንብረት ነው። መመለስ የነበረብኝ ሰባተኛ ክፍልን ጨርሼ ስምንተኛ ስገባ ነበር።

ያን ጊዜ ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመት ይቀረው ነበር። እኔ ምላሴ ከቁመቴ የረዘመ ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከገበያው ወደ ታች ወረድ ብሎ ባህር ዛፎቹ ሥር ነው። የአባቴ አባት ሼህ ኑርዬ፣ እኛ አባባ የምንላቸው፣ ኪታብ ያቀሩ፣ ያስተምሩ ነበር፤ ከአጅባርም ከኩታበርም የመጡ ደረሳዎች ከግቢያችን ጥግ በሠሯት ጎጆ እያደሩ ከእሳቸው ይማራሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ አንዱ ደረሳ ዐረብኛውን ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ ያነባል፣ አባባ እያንዳንዷን ሐረግ ወደ አማርኛ ይመልሷታል፣ ሌሎቹ ተከትለው ይሏታል። አንድ ደረሳ ያልገባውን ቃል በግምት ሞልቶ ካለፈ አባባ መቁጠሪያቸውን ያቆሙና «ልጄ፣ የሰው ቃል ስትመልስ አማና፣ የሰው አደራ፣ ተሸክመሃል። ከከበደህ አስቀምጠህ ዕረፍ እንጂ ግማሹን መንገድ ላይ አትድፋ» ይሉታል። ይህን ቃል ስንት መቶ ጊዜ እንደሰማሁት አላህ ይወቀው።

አባቴ ሰይድ አብሮን አልነበረም። በጥር፣ እህሉ ከአውድማ ከገባ በኋላ፣ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ዐረብ አገር ሊገባ ሄዷል። ሲሄድ እናቴን «ክረምት ሳይገባ ድምፄን ትሰሚያለሽ» ብሏት ነበር። እሷም አመነችው። የካቲት አለፈ፣ መጋቢት አለፈ። ሚያዝያ ላይ ደሴ የሚመላለስ ነጋዴ አንድ ደብዳቤ ይዞ መጣ፤ ከየመን ሰው በሰው ተቀባብለው ያደረሱት ነው፣ የተጻፈውም በዐረብኛ ነው። እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሮጣ መጣች። አባባ መነጽራቸውን አደረጉና መጀመሪያ ለብቻቸው እስከ ታች አነበቡት። መነጽሩን አወለቁ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉት፣ መልሰው አደረጉት።

«ሰይድ ደህና ነው ይላል» አሉ ቀስ ብለው። «ከባሕሩ ማዶ ነው ያለ። ሥራ ላይ ነው፣ ለመጻፍ ጊዜ የለውም። ይህንም ያጻፈው በሰው ነው።»

እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው! ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። አባባ ደብዳቤውን አጥፈው ከትልቁ ኪታባቸው ውስጥ አስገቡት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ በመስኮት አየኋቸው። ብቻቸውን ይሰግዳሉ፣ አሰጋገዳቸው ግን ግራ ገባኝ። ቆመው ጀመሩ፣ ቆመው ጨረሱ። ማጎንበስ የለ፣ ግንባር መሬት መንካት የለ። ምስኪን አባባ፣ ጉልበታቸው ከዳቸው አልኩ። ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት።

«ወየው፣ አንድም ቀን አሟቸው እንደሆን አይናገሩም እኮ!» አለችና ያን ቀኑን ቅቤ አቅልጣ፣ ፌጦ ወቅጣ ጨምራበት ገባች። «አባቴ፣ ጉልበትዎን ያምጡት» አለቻቸው። አባባ አዩዋት፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ቀን ቀን ከአስር ሰላት፣ ከከሰዓቱ ስግደት፣ በኋላ የአያቴን ጉልበት በቅቤ ታሻለች።

መጽሐፉን የሰጠችኝ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ እትዬ ብርቄ ናት። ከውጭ በእርዳታ የመጡ መጻሕፍት በካርቶን ነበሩ፣ አብዛኛው ስለ ኮምፒውተርና ስለ ውሻ አስተዳደግ ነው። እኛ ዘንድ ኮምፒውተር የለም፣ ውሻውም ራሱን ያሳድጋል። ከመሀላቸው ግን ጀርባቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ሦስት መጻሕፍት አገኘሁ። ተከታታይ ታሪክ ናቸው፣ አምስት መሆን አለባቸው፣ ሁለቱ የት እንደቀሩ የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያውን አነሳሁና ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ በመዝገበ ቃላት እየተረዳዳሁ አነበብኩ። አባቷን የባሕሩ ንጉሥ የወሰደባት የዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ አባቷን ልታስመልስ ትሄዳለች ይላል።

አባት፣ ባሕር፣ ማስመለስ! በዚያ ዕድሜዬ መጽሐፍ ማለት የሆነ ነገር አሠራር የሚነግር ነው ብዬ ነው የማምነው። የሳይንሱ መጽሐፍ ማግኔት እንዴት እንደሚሠራ ከነገረን፣ ይኸኛው ደግሞ አባት ከባሕር እንዴት እንደሚወጣ ይነግረኛል።

«እትዬ ብርቄ፣ ለክረምቱ ልውሰደው፣ በአላህ» አልኳት።

«እንግሊዝኛው ይከብድሻል የኔ ልጅ።»

«መዝገበ ቃላቱንም ጨምሪልኝ!»

ሳቀች። «በይ፣ በመዝገብ ጽፌሻለሁ። መስከረም ላይ ካላመጣሽ ማርያምን፣ እናንተ ቤት ድረስ ነው የምመጣ።»

ሐምሌ ገባ። የመካነ ሰላም ሐምሌ ለማያውቀው ሰው ምን ብዬ ልንገረው? ጉሙ ከጠዋት ግቢ ገብቶ በር ላይ ይተኛል። ጭቃው ጫማ ያወልቃል። እኔ ምድጃ አጠገብ ተኮርኩሜ፣ መጽሐፉን በአንድ ጉልበቴ፣ መዝገበ ቃላቱን በሌላው ይዤ እታገላለሁ። በቀን ሦስት ገጽ ካነበብኩ ጀግና ነኝ። ታሪኩ የጥንት የግሪክና የሮማ አማልክት ካረጁ በኋላ ያለ ነው። አንዲት ወደብ ከተማ ውስጥ እንደ ሰው ቤት ተከራይተው ይኖራሉ፣ መጣላቱን ግን አልተዉትም። ልጅቷ አባቷን ፍለጋ በየቤታቸው ደጅ ትጠናለች።

በሦስተኛው ቀን አባባ ከኋላዬ ቆመው ሽፋኑን አዩት። መንሽ የያዘው ሽማግሌ ደረቱ እርቃን ነው።

«ይህ ማነው፣ ልብስ የሌለው?»

«የ… የባሕር ሰው ነው አባባ።»

«የማን አገር መጽሐፍ ነው?»

«የግሪክና የሮማ የድሮ ታሪክ ነው።»

«ሩም?» አሉ ቅንድባቸው ከፍ ብሎ። «እኒያ በስማቸው የቁርኣን ሱራ የወረደው ሩሞች? ዩናንና ሩም ነው በይኛ!» ተቀመጡ። ጢማቸውን ጥቂት ዳበሱና ፍርዳቸውን ሰጡ። «ሳይቀራ የሚፈረድበት ኪታብ የለም። ከነገ ጀምሮ ከአስር በኋላ እዚህ ትቀሪዋለሽ። እያነበብሽ ትመልሽልኛለሽ፣ እኔ እሰማለሁ። መልካም ከሆነ ትጨርሽዋለሽ፣ ካልሆነ ለባለቤቱ ይመለሳል።»

የመጀመሪያው ገጽ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እኮ «አማልክቱ እየተጣሉ ነበር» ነው የሚለው! ሼህ ኑርዬ ፊት፣ ደረሳ ሁሉ በተቀመጠበት፣ አማልክት ብዙ ናቸው፣ እንደ ጎረቤት ይጣላሉ ብዬ ልናገር? መጽሐፉ ያኔውኑ ይመለሳል። መጽሐፉ ከተመለሰ ደግሞ አባዬ ባሕር ላይ ቀረ ማለት ነው፣ እንደኔ ስሌት።

በማግስቱ እንደ ደረሳ እግሬን አጥፌ ከፊታቸው ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛውን አነበብኩ።

«ይላል…» አልኩ፣ «ጅኖቹ እየተጣሉ ነበር ይላል።»

አባባ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «ጅኖቹ?»

«አዎ አባባ። ጅኖቹ።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ጢማቸው ትንሽ ነቅነቅ አለ። ያኔ የተቆጡ መስሎኝ ነበር። «ቀጥይ» አሉኝ።

በቃ፣ ክረምቱን ሙሉ አማልክት የተባለ ሁሉ ጅን ሆነ። መብረቅ የሚወረውረው አለቃቸው የጅኖች ንጉሥ ሆነ። ቤተ ጣዖቱ የጅን ሰፈር ሆነ። አንዱ የወይን ጠጅ አምላክ ሲመጣብኝ ደግሞ፣ ጠጅ በአባባ ፊት እንዴት ይጠራል? «ብርዝ የሚጠምቅ ጅን ነው» አልኩ። ሁለት ገጽ ስንሄድ እንግዶቹ ሁሉ ሰክረው ይዘፍናሉ። ከአጅባር የመጣው እንድሪስ፣ የደረሳዎቹ ታላቅና ሳቅ የማይጠላ ሰው፣ እጁን አነሳ።

«ሼሁና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ብርዝ ደግሞ ያሰክራል እንዴ?»

«የጅን ብርዝ ነዋ!» አልኩት እኔ ፈጥኜ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባባም በጋቢያቸው አፋቸውን ከለሉ።

ከሳምንት በኋላ እኔን ለመስማት የሚመጣው ለኪታቡ ከሚመጣው አይተናነስም ነበር። አንዱ ጅን በግሪኮቹ ዘንድ አንድ ስም፣ በሮማዎቹ ዘንድ ሌላ ስም እንዳለው ስነግራቸው እንድሪስ ጭኑን መትቶ «የኛ አገር ሰው ነው በይኛ! የኔም አጎት እስላም ዘመዶቹ ዘንድ መሐመድ ነው፣ ክርስቲያኖቹ ዘንድ ሞላ ነው!» አለ። ፊትና ኋላ ሁለት ፊት ያለው በረኛ ሲመጣ ደግሞ «እሱንስ አውቀዋለሁ፣ ስብሰባ ላይ አብረን ተቀምጠናል» አለና አባባ በመቁጠሪያቸው ጫፍ ትከሻውን ነካ አደረጉት። ዝናቡ ሲመጣ ቆርቆሮው ድምፅ ይውጣል። ያኔ ሁላችንም ዝም ብለን ተፋጠን እንጠብቃለን። እንድሪስ ብቻ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ «ያረቢ፣ እዚች ቦታ ላይ ነው?» ይላል።

እናቴም የቅቤ ሳህኗን ይዛ ትገባለች። የአባባን ጉልበት እያሸች ታደምጣለች፣ አንገቷን ግን አታነሳም። ለጅኖቹ ጠብ ደንታ የላትም። እሷ የያዘችው ዓሣ አጥማጁን ነው። ሁልጊዜ ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቀኛለች።

«አባቷን ታገኘዋለች?»

«ገና ነው እማ።»

«ትደርስበታለች» ትላለች ለራሷ። አንዴ ይህን ስትል ሳህኑ አዘነበለና የቀለጠው ቅቤ መጽሐፉ መሀል ፈሰሰ። እኔ ጮህኩ። እሷ በነጠላዋ እየጠረገች «አፈር ስሆን፣ የሰው ንብረት!» እያለች የባሰ አሠራጨችው። አባባ ብቻ ቅቤውን አላዩም፣ እሷን ነበር የሚያዩት።

ነሐሴ እኩሌታ ላይ ደረስን። እኔ የዕለቱን ገጾች ሁልጊዜ ጠዋት ቀድሜ እዘጋጅባቸዋለሁ፣ ለጅኖቹ ሥራ ስለሚያስፈልግ። ያን ጠዋት የተዘጋጀሁት ገጽ ላይ ልጅቷ አንድ ጥቁር ወንዝ ዳር ትደርሳለች። ሙታንን የሚያሻግር ሽማግሌ ጀልባ ነጂ ያገኛታል። አባቴን አሻግረኸዋል ወይ ስትለው መልሱን አንድ ጊዜ አነበብኩት፣ መዝገበ ቃላቱን ሳልገልጥ ገባኝ። ከዚያ በፊት አንድም ገጽ እንዲያ ገብቶኝ አያውቅም።

«አባትሽ ሞቷል። ከቤት ከወጣሽበት ቀን አስቀድሞ ሞቷል። የወደቡ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ የማታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ተናደድኩ፣ ምን አለፋችሁ! መጽሐፉን ወረወርኩት። ወር ተኩል ሙሉ ደጅ ለደጅ አዙሮኝ ይኼን ሊለኝ ነው? ደግነቱ የኔ አባት በደብዳቤ ደህና ነው ተብሏል አልኩ፣ እሱ አጽናናኝ። የከበደኝ እናቴ ናት። ቅቤዋን ይዛ መጥታ አንገቷን ደፍታ ይህን እንዴት ትስማው?

ከአስር በኋላ ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛውን አነበብኩ፣ ድምፄን ደህና አድርጌ።

«ጀልባ ነጂው ይላል፣ አባትሽ ደህና ነው ይላል። ከወንዙ ማዶ ነው ያለ። ሥራ ላይ ነው፣ ለመጻፍ ጊዜ የለውም ይላል።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች እናቴ። እንድሪስም «ተመስገን፣ እኔስ ተነክሮ ቀረ ብዬ ነበር» አለ።

የአባባ መቁጠሪያ ከእጃቸው ወደቀ። ቀና ብዬ ሳያቸው ፊታቸው እንደ አመድ ሆኗል።

«እንዲያ ይላል?» አሉኝ።

«እንዲያ ይላል።»

«ለዛሬ ይብቃ» አሉና በግድግዳው ተደግፈው ተነሱ። እናቴ ጉልበታቸው መስሏት ክንዳቸውን ያዘቻቸው።

በማግስቱ ከሰዓት ደረሳዎቹን ወደ ጎጆአቸው ሰደዱና ብቻዬን ጠሩኝ። ትልቁ ኪታብ ፊታቸው ተቀምጧል። አለቀልሽ ሐዋ አልኩ በልቤ።

«መንጢቅን መጀመሪያ የጻፉት እነማን ናቸው?»

መንጢቅ ደረሳዎቹ የሚማሩት የክርክርና የማሰብ ትምህርት ነው። «አላውቅም አባባ።»

«ዩናኖች ናቸው፣ አንቺ ግሪክ የምትያቸው። ጣዖት አምላኪዎች እንደነበሩም ካቀሩኝ ሼህ የሰማሁት ገና ጢም ሳላበቅል ነው። መጀመሪያ ቀን ጅን ስትይኝ ሳቄን በጢሜ ነው የደበቅሁት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። «ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ራስሽ እንድታነሽው ጠበቅኩሽ።» መቁጠሪያቸውን አንድ ፍሬ ገፋ አደረጉ። «ደግሞ ታሪኩም ጥሞኝ ነበር። የትናንቱ ግን ጅን አይደለም። ጀልባ ነጂው ምን አላት? አማናውን መልሽ።»

ማልቀስ ጀመርኩ። «ሞቷል ነው ያላት። ሁሉም ያውቃል፣ አንቺ ብቻ ነሽ የማታውቂው አላት።»

«ለምን ለወጥሽው?»

«እማ ስለነበረች። አንገቷን ደፍታ ነበር፣ አባባ። ፊቷን አይቼ አቃተኝ።»

«ያን ቃል ከየት አመጣሽው? ሥራ ላይ ነው፣ ለመጻፍ ጊዜ የለውም ያልሽውን?»

«ከአባዬ ደብዳቤ» አልኩ። «እርስዎ ካነበቡልን።»

ይቆጡኛል፣ መጽሐፉን ይነጥቁኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ውጭ ካፊያው ቆርቆሮውን ይነካካል።

«ሂጂ እናትሽን ጥሪያት» አሉኝ።

«አባባ፣ በአላህ አይንገሩብኝ! ዳግመኛ አልዋሽም፣ ወላሂ፣ መጽሐፉንም እመልሳለሁ!»

«አብሽሪ። ባንቺ ጉዳይ አይደለም።»

እናቴ እንደልማዷ የቅቤ ሳህኗን ይዛ ገባች። ተንበርክካ እጇን ወደ ጉልበታቸው ስትዘረጋ አባባ እጇን ያዟት።

«ዛሬ አስቀምጪው ልጄ። ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም» አሏት።

ኪታቡን ገልጠው ደብዳቤውን አወጡት። መነጽራቸውን አደረጉ። ከዚያ ልክ ለደረሳ እንደሚያቀሩት፣ ዐረብኛውን ቆረጥ አድርገው ያነባሉ፣ ቀጥለው አማርኛውን ይመልሳሉ። አንድም ቃል አልዘለሉም። በመጋቢት ወር፣ ጀልባ፣ ከባሕሩ ዳር ሳይርቅ ተገለበጠ። ካወጣናቸው መሀል፣ በኪሱ ወረቀት የተገኘበት፣ ሰይድ የኑርዬ ልጅ፣ ከመካነ ሰላም። አጥበነዋል። ሰግደንበታል። ከመስጊዳችን ጎን ቀብረነዋል። እኛ የአላህ ነን፣ ወደ እሱም ተመላሾች ነን። የመንደሩ ኢማም።

ያን ጊዜ ነው ያ በመስኮት ያየሁት ሰላት የገባኝ። ማጎንበስ የሌለበት ሰላት ለሞተ ሰው የሚሰገደው ነው። የኛ ቤት ሴቶች ወንዶቹ ጀናዛ ላይ ሲሰግዱ ቆመን አናይም፣ እኔ በምን ላውቅ? አባባ ልጃቸው ላይ ብቻቸውን ሰግደው ነበር። ጉልበቴ ደህና ነው ካሉ ታዲያ ምን ሰግደው ነው መባሉ ስለማይቀር፣ አራት ወር ሙሉ ጉልበታቸውን ለቅቤ ሰጥተው ተቀመጡ።

እናቴ አልጮኸችም። ሳህኑን ከፊቷ ገፋ አደረገችው።

«እልልታሽን ሰማሁና አቃተኝ» አሉ አባባ። «ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ስል ነገ ስል። ደረሳን አማና አትድፉ እያልኩ እገሥጻለሁ፣ እኔ ግን ደፋሁት።»

«ዛሬ ከሞተ ስንት ቀኑ ነው?» አለች እናቴ።

አባባ አንገታቸውን ደፉ። ሁለቱም የሚያውቁትን እኔ ያወቅሁት ኋላ ነው። ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ኢዳ ትቀመጣለች፣ አትኳኳልም፣ ከቤቷም ለጉዳይ ካልሆነ አትወጣም። የሚቆጠረው ደግሞ ካወቀችበት ቀን አይደለም፣ ከሞተበት ቀን ነው።

«አራት ወር ከአሥር ቀኑ አልፏል» አሉ አባባ። «በኪታቡ፣ ኢዳሽ አልቋል።»

«አልቋል?» አለች እናቴ። «ሳልጀምረው?»

ተነሳች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አስተካከለች። «አባቴ፣ ኪታቡ የሚለውን ሰማሁ። ለእኔ ሰይድ የሞተው ዛሬ ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምራ ቆጠረች። አራት ወር ከአሥር ቀን፣ አንድ ሳታጎድል። አያቴም፣ ያ በፊደል የማይደራደር ሰው፣ አይደለም አላሏትም። ደረሳዎቹ በእናቴ በር በኩል እንዳያልፉ ከልክለው በጓሮ መንገድ አስወጡላቸው። እሳቸው ራሳቸው ደግሞ እስከ ጥር ድረስ ኪታብ አልመለሱም። እንድሪስን በቦታቸው አስቀምጠው ከደረሳው መሀል ተቀመጡና፣ እሱ ሲመልስ ተከትለው ይሉ ነበር። እንድሪስ የመጀመሪያው ቀን አላበው፣ አልቻለም። «ሼሁና፣ እንዴት አድርጌ?» ሲላቸው «ሳትደፋ፣ ልጄ» አሉት።

እኔስ? እኔ አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ። እስከዚያች ከሰዓት ድረስ አባዬ ሥራ ላይ ነበር። ጀልባ ነጂው ያለውን ለአባባ ባልመልስ ኖሮ ዛሬም ሥራ ላይ ይሆን ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ለማንም አልተናገርኩትም። መጽሐፉን እንደገና አልከፈትኩትም። እትዬ ብርቄ እንዳለችው መስከረም ላይ ቤታችን ድረስ መጣች፣ ግን ለልቅሶ ነው የመጣችው። እናቴ አጠገብ ቁጭ ብላ አብራት አለቀሰች። ስትወጣ በር ላይ አቀፈችኝ። ስለ መጽሐፉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሌሎቹን ሁለቱን መጻሕፍትም ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

ዘንድሮ፣ እኔ ሳጥኑ አጠገብ እንደቆምኩ፣ እናቴ ከጓዳ እጇን እየጠረገች መጣች። መጽሐፉን በእጄ ስታይ ቆመች። አባባ ካለፉ ዓመታት ሆኗቸዋል፣ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን።

«አንቺ ነሽ የደበቅሽው?» አልኳት።

«አልደበቅኩትም፣ አስቀመጥኩት እንጂ። የሰው ንብረት አይደል?» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አልጨረስሽልኝም እኮ።»

«እማ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስትጠብቂ?»

«እንደው አንዳንዴ ትዝ ትለኛለች፣ ልጅቷ። አባቷን አገኘችው?»

የተጣበቁትን ገጾች አልፌ ወደ መጨረሻው ሄድኩ። አሁን መዝገበ ቃላት አያስፈልገኝም። ቆሜ ለራሴ አነበብኩ። አንድ ጊዜ ቀና ብዬ አየኋት። አንገቷን ደፍታለች፣ እንደዚያን ጊዜው። አፌ ላይ የመጣልኝ ነገር ነበር፣ አልዋሽም። ዋጥኩት።

«አላወጣችውም እማ» አልኳት። «ወረደች፣ ደረሰችበት። ሙታን መሀል ቆሞ አየችው፣ እሱም አያት። ከዚያ ብቻዋን ተመለሰች።»

እናቴ መጽሐፉን ከእጄ ወሰደች። በአውራ ጣቷ የቅቤውን እድፍ እያሸች ነበር።

«አየችው?» አለች።

«አየችው።»

«ፊቱን?»

«ፊቱን።»

«ታድላ!» አለች እናቴ።